ማዕቀብ ሲጣል ዕርዳታ በየት በኩል ያልፋል?

(በዚህ ማብራሪያ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሴፕቴምበር 17 ቀን 2021 ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሳቢያ ትእዛዝ ቁጥር 14046ን ፈረሙ። ማዕቀብ ተጣለ ተባለ፤ ወሬው ያለቀውም እዚያው ላይ ነው። በዚያው ቀን የአሜሪካ ግምጃ ቤት ሦስት ተጨማሪ ወረቀቶችን ማውጣቱን የተከታተለ ግን ጥቂት ሰው ነበር። የመጀመሪያው የተባበሩት መንግሥታትንና የሌሎች ዓለም አቀፍ ድርጅቶችን ሥራ፣ ሁለተኛው የመንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችን ሥራ፣ ሦስተኛው ደግሞ የእህል፣ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ሽያጭን የሚፈቅድ ነበር። ትእዛዙ የሚዘጋውን እነዚህ ወረቀቶች በከፊል ይከፍታሉ።

የማዕቀብ ሕግን ለማወቅ የሚፈልግ ክልከላውንና ፈቃዱን ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ አለበት። ፈቃድ መኖሩ ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። እንዴት ተጻፈ? መቼ ወጣ? አምኖበት ገንዘብ ለማስተላለፍ የሚደፍርስ ማን ነው? ዱቄቱ የተራበው ደጅ መድረሱን የሚወስኑት እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው።

ዱቄት ለምን በክልከላው ይያዛል?

ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁት ጥያቄ ነው፦ ምግብ የሚከለክል ማን ጨካኝ ነው? በቀጥታ የሚከለክል ሕግ ዛሬ እምብዛም የለም። ችግሩ የሚመጣው ንብረት ከማገድ ነው። የጸጥታው ምክር ቤት በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 41 መሠረት አንድን ሰው ወይም ቡድን በማዕቀብ መዝገብ ሲያስገባ የባንክ ሂሳቡን ማገድ ብቻ አይደለም የሚያዘው። ማንም ሰው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለዚያ ወገን ገንዘብ ወይም ሌላ ኢኮኖሚያዊ ሀብት እንዳያቀርብ ጭምር ያዛል። ኢኮኖሚያዊ ሀብት ሲባል መኪናው፣ ነዳጁ፣ መጋዘኑ፣ ዱቄቱም ጭምር ነው።

መዝገብ የገባው አንድ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነው፤ ከእሱ ጋር አለመነገድ ነው። ወረዳ የሚያስተዳድር ታጣቂ ቡድን፣ ወይም እንደ ታሊባን ከኦገስት 15 ቀን 2021 ወዲህ አገር የሚገዛ ቡድን ሲሆን ግን ሌላ ታሪክ ይሆናል። የክሊኒኩ የመብራት ሂሳብ፣ የነርሷ የሥራ ግብር፣ የመጋዘኑ ኪራይ፣ የጉምሩክ ክፍያው፣ በየመንገዱ የሚጠየቀው ቀረጥ፣ ሁሉም ለታገደ ወገን የሚሄድ ክፍያ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ቅጣት ለመጣል ሐሳብና እውቀት መረጋገጥ አይኖርበትም፤ ድርጊቱ መፈጸሙ ይበቃል። ዕርዳታ ሰጪው በቅን ልቡና ነው ያደረግሁት ቢል ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል እንጂ ጥፋቱ አይፋቅለትም።

ሦስቱ መውጫዎች

ኬላ ላይ የሚደርስ የጭነት መኪና አስቡ። አንደኛው መኪና የጫነው ነገር ከነጭራሹ ፍተሻ ከማይመለከታቸው ዕቃዎች ነው፤ ሳይቆም ያልፋል። ሁለተኛው የጫነው የሚፈተሽ ዓይነት ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ዓይነት ጭነት የያዘ ሁሉ ይለፍ የሚል ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ አሽከርካሪው ማስታወቂያውን አንብቦ የሚመለከተው መሆኑን ራሱ ወስኖ ይነዳል። ሦስተኛው ወርዶ፣ ማመልከቻ ጽፎ፣ የኃላፊውን ፊርማ መጠበቅ አለበት።

የመጀመሪያው ከማዕቀቡ ነጻ መሆን ነው። ውሳኔው ራሱ ክልከላው በዚህ ሥራ ላይ ተፈጻሚ አይሆንም ይላል። ሁለተኛው የአሜሪካው የውጭ ንብረቶች ቁጥጥር ቢሮ፣ በተለምዶ ኦፋክ የሚባለው፣ ጠቅላላ ፈቃድ የሚለው ነው። መግቢያው ላይ ያልኋቸው ሦስት ወረቀቶች ከዚህ ወገን ናቸው። ሦስተኛው በእያንዳንዱ ጉዳይ የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ ነው።

ለኢትዮጵያ ሦስተኛው ዓይነት እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ወቅት፣ ሜይ 17 ቀን 2000፣ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 1298 በሁለቱም አገሮች ላይ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ሲጥል ለሰብአዊ ሥራ ብቻ የሚውል፣ የማይገድል ወታደራዊ ቁሳቁስ እንዲያልፍ ፈቅዶ ነበር። ቅድመ ሁኔታው ግን የማዕቀብ ኮሚቴው አስቀድሞ ማጽደቅ አለበት የሚል ነው። ያ ማዕቀብ በዓመቱ አበቃ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። አሜሪካ ማዕቀብ የምትጥልበት የ1977ቱ ሕግ ፕሬዚዳንቱ የሰውን ስቃይ ለማስታገስ የሚሰጡ የምግብ፣ የልብስና የመድኃኒት ልገሳዎችን መከልከል አይችልም ይላል። ሰው እዚህ ድረስ አንብቦ ይረካል። ቀጥሎ ግን ልገሳው አስቸኳይ ሁኔታውን የመቋቋም አቅሜን በብርቱ ያዳክማል ብሎ ከወሰነ መከልከል ይችላል ይላል። አብዛኞቹ የፕሬዚዳንት ትእዛዞች ታዲያ ይህን በር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጉታል፤ ከዚያ ኦፋክ በጠቅላላ ፈቃድ መልሶ ይከፍተዋል። በሕግ የተሰጠ መብት በቢሮ ፈቃድ ሲተካ ቢሮው ሊያሻሽለው ወይም ሊሽረው የሚችል ነገር ይሆናል። ይህ አሠራር ለእኔ ፈጽሞ አይዋጥልኝም።

ኢራቅ፦ ፊርማ ስትጠብቅ የኖረች አገር

ኦገስት 6 ቀን 1990 ኢራቅ ኩዌትን በወረረች በአራተኛው ቀን የወጣው ውሳኔ ቁጥር 661 ንግዷን ሁሉ ዘጋ። ለሕክምና ብቻ የሚውል አቅርቦትን፣ ሰብአዊ ሁኔታ ሲያስገድድ ደግሞ ምግብን ከክልከላው አውጥቶ ነበር። ሁኔታው ያስገድዳል ወይስ አያስገድድም የሚለውን የሚወስነው ግን የምክር ቤቱ 15 አባላት የተቀመጡበት ኮሚቴ ነበር።

በ1995 በውሳኔ ቁጥር 986 ነዳጅ ለምግብ የተባለው መርሐ ግብር ጸደቀ፤ ነዳጁ መሸጥ የጀመረው ግን በዲሴምበር 1996 ነው። ኢራቅ ነዳጅ ትሸጣለች፣ ገንዘቡ በተባበሩት መንግሥታት ሂሳብ ይገባል፣ ከዚያ ምግብና መድኃኒት ይገዛል። ኮሚቴው የሚሠራው በሙሉ ስምምነት ስለነበር አንድ አባል ብቻውን ውል ማስቆም ይችላል። ለውኃ ማጣሪያና ለመብራት ጣቢያ የሚሆኑ ዕቃዎች ለጦር መሣሪያም ሊያገለግሉ ይችላሉ በሚል በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠሩ ውሎች ተይዘው ቆሙ፤ ባብዛኛው ያስቆሙት ደግሞ አሜሪካና ብሪታኒያ ነበሩ። በባግዳድ የመርሐ ግብሩ ኃላፊ የነበሩት ዴኒስ ሃሊዴይ በ1998፣ ተተኪያቸው ሃንስ ፎን ሽፖኔክ በ2000 ማዕቀቡን ተቃውመው ሥራቸውን ለቀቁ።

ውሎቹን ያስቆሙት አገሮችም ከመሬት ተነስተው አልነበረም የሚጠራጠሩት። በፖል ቮልከር የተመራው መርማሪ ኮሚቴ በ2005 ባወጣው ዘገባ ከ2,000 በላይ ኩባንያዎች ለሳዳም ሁሴን መንግሥት ሕገወጥ ክፍያ በመፈጸም መሳተፋቸውን ገለጸ። እያንዳንዱ ውል በኮሚቴ ፊት እያለፈ ይህ ሁሉ መሆኑ ያስገርማል። የውኃ ቱቦውን ያስቆመው ቁጥጥር ጉቦውን አላስቆመም።

ከኢራቅ በኋላ ምክር ቤቱ መላ አገርን መዝጋት ትቶ የሰዎችና የቡድኖች ስም ዝርዝር ወደማውጣት ዞረ። ስም ብቻ ከተጻፈ ሕዝቡ አይጎዳም ተብሎ ታሰበ።

ሶማሊያ፦ አንቀጹ ነበረ፣ ረሃቡም ነበረ

ያ አሳብ የተፈተነው ጎረቤታችን ላይ ነው። የሶማሊያው የማዕቀብ መዝገብ በ2008 በውሳኔ ቁጥር 1844 ተቋቋመ። አልሸባብ የደቡቡንና የመሐሉን አገር በሰፊው በያዘበት ጊዜ፣ ማርች 19 ቀን 2010፣ ምክር ቤቱ ውሳኔ ቁጥር 1916ን አሳለፈ። በውስጡም አስቸኳይ ዕርዳታ በጊዜው እንዲደርስ የሚፈጸም ክፍያ ለአሥራ ሁለት ወራት ያህል በንብረት ማገዱ አይነካም የሚል አንቀጽ አስገባ። ማመልከቻም ሆነ የኮሚቴ ፊርማ አላስፈለገውም። የመጀመሪያው ዓይነት መውጫ ነው፤ በምክር ቤቱ ታሪክም በዚህ መልክ የመጀመሪያው ነበር። አልሸባብ መዝገብ የገባው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በኤፕሪል 12 ነው። በሩ ከመዘጋቱ በፊት መስኮት ተከፈተ ማለት ነው፤ አርቃቂዎቹ አስተውለዋል።

ታዲያ ለምን አልሠራም? አንቀጹ የሚገዛው የተባበሩት መንግሥታትን ማዕቀብ ብቻ ስለሆነ ነው። አሜሪካ አልሸባብን በ2008 በራሷ የሽብርተኛ ድርጅቶች መዝገብ አስገብታ ነበር። ለእንዲህ ያለ ድርጅት ቁሳዊ ድጋፍ መስጠት ወንጀል ነው፤ ሕጉ በግልጽ ነጻ ያደረገው መድኃኒትንና የሃይማኖት ቁሳቁስን ብቻ ነው። እህል የለበትም፣ ድንኳንም የለበትም፣ ውኃም የለበትም። በጁን 2010 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለተፈረጀ ድርጅት የሰላም ድርድርንና ዓለም አቀፍ ሕግን ማስተማር እንኳ በወንጀሉ ሥር ሊወድቅ እንደሚችል ወሰነ። የሕግ አማካሪ ያለው የዕርዳታ ድርጅት ይህን ፍርድ አንብቦ መኪናውን ወደ ሸበሌ ሸለቆ ለመላክ ሁለት ጊዜ ያስባል። ለደቡብ ሶማሊያ የሚመጣው የአሜሪካ ገንዘብ በእጅጉ ቀነሰ።

ጥፋቱን ሁሉ በሕጉ ላይ መጫን ግን ሐሰት ይሆናል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በጃንዋሪ 2010 ከደቡብ ሶማሊያ ሥራውን ያቋረጠው በአልሸባብ ዛቻና ክፍያ ጥያቄ ነው፤ ቡድኑ በረሃቡ መሐል፣ በኖቬምበር 2011፣ የዕርዳታ ድርጅቶችን አባርሯል። ድርቁም ነበረ፣ የእህል ዋጋውም ሰማይ ነክቶ ነበር። ማዕቀቡ ከእነዚህ ሁሉ ላይ የተጨመረ ሸክም ነው፤ ለዚያውም በሰው እጅ ሊነሳ የሚችለው ሸክም።

ጁላይ 20 ቀን 2011 በባኮል ደቡብና በታችኛው ሸበሌ ረሃብ መከሰቱ በይፋ ታወጀ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በእግራቸው ወደ ኬንያና ወደ እኛው ዶሎ አዶ ጎረፉ፤ ቆቤና ሂላወይን የተባሉት መጠለያዎች የተከፈቱት በዚያ ዓመት ነው። አሜሪካ በቅን ልቡና የሚሠራ ዕርዳታ ሰጪ እንደማይከሰስ ያረጋገጠችውና የፈቃዱን ወሰን ያሰፋችው በኦገስት መጀመሪያ፣ ከአዋጁ በኋላ ነበር። በኋላ የወጣ ጥናት ከኦክቶበር 2010 እስከ ኤፕሪል 2012 ባለው ጊዜ 260,000 ያህል ሰው በረሃቡ መሞቱን ገመተ፤ ግማሹ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ነበሩ። በመጀመሪያው አንቀጽና በኋለኛው ማረጋገጫ መሐል ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በላይ ርቀት አለ።

ውሳኔ ቁጥር 2664 ምን ጨመረ?

የሶማሊያው አንቀጽ ለአሥር ዓመት ያህል ብቸኛ ሆኖ ቆየ። አፍጋኒስታን በ2021 መጨረሻ በውሳኔ ቁጥር 2615 ተመሳሳይ አንቀጽ አገኘች። ከዚያ ዲሴምበር 9 ቀን 2022 አየርላንድና አሜሪካ ያረቀቁት ውሳኔ ቁጥር 2664 በ14 ድምፅ አለፈ፤ ሽብርተኞች ይጠቀሙበታል የሚል ስጋት ያነሳችው ህንድ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ይህ ውሳኔ ነጻ መውጫውን ለአንድ አገር ሳይሆን ለምክር ቤቱ የንብረት ማገድ ውሳኔዎች ሁሉ፣ ወደፊት ለሚወጡትም ጭምር ሰጠ። በአልቃይዳና በአይሲስ መዝገብ ላይ ለሁለት ዓመት ብቻ ነበር የተፈቀደው፤ በዲሴምበር 2024 በውሳኔ ቁጥር 2761 ጊዜ የማይገድበው ሆነ።

ሲነበብ ሦስት ነገር ልብ ይሏል። ሥራው የሰብአዊ ዕርዳታ ወይም የሰውን መሠረታዊ ፍላጎት የሚያሟላ ተግባር መሆን አለበት፤ ይህ የኋለኛው ሐረግ ከአስቸኳይ ዕርዳታ ይሰፋል። ሠሪው ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት፣ እንደ ቀይ መስቀል ያሉ በጠቅላላ ጉባኤው የታዛቢነት ወንበር ያላቸው ድርጅቶች፣ ወይም በድርጅቱ የዕርዳታ ዕቅድ ውስጥ የሚሳተፉና በመንግሥታት የሚደገፉ ማኅበራት፣ እንዲሁም የእነሱ ሠራተኞችና አጋሮች መሆን አለበት። በአንድ ከተማ አሥር ቤተሰብ ተሰባስቦ ያቋቋመው መረዳጃ ማኅበር እዚህ ዝርዝር ውስጥ በራሱ አይገባም። በመጨረሻም ነጻ የወጣው ከንብረት ማገድ ብቻ ነው። በሰሜን ኮሪያ ላይ በ2017 የተጣለው የብረታ ብረትና የማሽን ክልከላ የንብረት ማገድ ስላልሆነ፣ ለሆስፒታል የሚላክ መሣሪያ አሁንም በኮሚቴው ፊት ማመልከቻ ያስፈልገዋል።

በዚያው ወር፣ ዲሴምበር 20፣ ኦፋክ ተመሳሳይ ጠቅላላ ፈቃዶችን በብዙ የማዕቀብ መርሐ ግብሮቹ ውስጥ አስገባ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ተከተለ። ከሶማሊያ የተወሰደ ትምህርት መሆኑ አያጠራጥርም፤ የምክር ቤቱ ነጻ አንቀጽ በየአገሩ ሕግ ካልገባ ከኒውዮርክ አዳራሽ አይወጣም።

ባንኩ ለምን እምቢ ይላል?

ሕጉ ከፈቀደ በኋላ የሚቀረው ትልቁ እንቅፋት ይህ ነው። በ2014 የፈረንሳዩ ባንክ ቢኤንፒ ፓሪባ ለሱዳን፣ ለኢራንና ለኩባ ደንበኞች ዶላር በማስተላለፉ ጥፋተኝነቱን አምኖ ወደ 9 ቢሊዮን የሚጠጋ ዶላር ተቀጥቷል። አንድ የዕርዳታ ድርጅት 50,000 ዶላር ሲልክ ባንኩ የሚያገኘው የአገልግሎት ክፍያ ኢምንት ነው። የኮምፕላያንስ ክፍሉ፣ ማለትም ሕግ መከበሩን የሚቆጣጠረው ክፍል፣ ኃላፊ ሁለቱን በሚዛን ሲያስቀምጥ እምቢ ማለት ይቀለዋል። ዕርዳታ በመከልከሉ የተቀጣ ባንክ የለማ!

ከዚያም በላይ ዶላር በአንድ ባንክ ብቻ አያልፍም። ላኪው ባንክ ቢስማማ መሐል ላይ ያለው ኮረስፖንደንት ባንክ ሊያቆመው ይችላል፤ እሱ ደግሞ ከላኪው ጋር ስለማይተዋወቅ ማብራሪያ የሚጠይቅበትም የሚሰማበትም ምክንያት የለውም። የብሪታኒያው ባርክሌይስ በ2013 የሶማሊያን ሐዋላ ድርጅት ዳሃብሺልን ጨምሮ የብዙ ገንዘብ አስተላላፊዎችን ሂሳብ ሊዘጋ ሲነሳ ዳሃብሺል ፍርድ ቤት ሄዶ ለጊዜው አሳግዶታል። ገንዘብ ለቤተሰብ መላክን የከለከለ ማዕቀብ አልነበረም፤ ፍርሃት ብቻ።

ኢራን ላይ ደግሞ መድኃኒት በአሜሪካ ሕግ የተፈቀደ ሆኖ ሳለ፣ ቆዳቸው በጥቂት ንክኪ የሚላጥ ሕፃናት የሚጠቀሙበትን የቁስል መሸፈኛ የሚያቀርበው የስዊድን ኩባንያ ከ2018 በኋላ መላኩን አቆመ። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2018 አሜሪካ የመድኃኒት፣ የምግብና የሲቪል አውሮፕላን ደኅንነት ዕቃዎችን መንገድ እንዳትዘጋ በጊዜያዊ እርምጃ አዘዘ። ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ብሪታኒያ በ2019 ኢንስቴክስ የተባለ የክፍያ መንገድ አቋቋሙ፤ በ2020 አንድ የሕክምና ዕቃ ግብይት አስተናግዶ በ2023 ተዘጋ። አፍጋኒስታን ውስጥ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ እንኳ የተባበሩት መንግሥታት ጥሬ ዶላር በአውሮፕላን ጭኖ ካቡል ማውረድ ግድ ሆነበት። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2023 ሶሪያ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታም ብዙ ፈቃዶች በሥራ ላይ ነበሩ፤ ያም ሆኖ ኦፋክ በሦስተኛው ቀን የ180 ቀን ተጨማሪ ጠቅላላ ፈቃድ ማውጣት አስፈለገው። ለባንኮቹ አዲስ ቀን ያለበት ወረቀት ማሳየት ነበረበት።

ፍርዴን ልናገር፦ ከልዩ ፈቃድ ጠቅላላ ፈቃድ ይሻላል፣ ከእሱም በውሳኔው ውስጥ የተጻፈ ነጻ አንቀጽ ይሻላል። ነጻ አንቀጽም ቢሆን ከመጀመሪያው ቀን ካልተጻፈ ባንኮች ጥለው ከወጡ በኋላ የሚመጣ ይሆናል፤ የወጣ ባንክ ደግሞ በቶሎ አይመለስም።

በውጭ ለምትኖሩ፣ ሰነዱን እንዴት ታነባላችሁ?

መጀመሪያ ማዕቀቡ አገርን ነው ወይስ የስም ዝርዝርን ነው የሚዘጋው ብላችሁ ጠይቁ። ትእዛዝ ቁጥር 14046 የስም ዝርዝር ዓይነት ነው። በኖቬምበር 12 ቀን 2021 በእሱ መሠረት መዝገብ የገቡት አራት ተቋማትና ሁለት ግለሰቦች ሁሉም የኤርትራ ነበሩ። እንዲህ ባለው ማዕቀብ፣ በዝርዝሩ ለሌለች እናት የሚላክ ገንዘብ ቀድሞውኑ ስላልተከለከለ ፈቃድም አያሻውም። በጦርነቱ ጊዜ በትግራይ ባንክ መዘጋቱ ከዚህ ማዕቀብ የመጣ አልነበረም፤ ስለዚህም የአሜሪካ ፈቃድ ሊከፍተው አይችልም ነበር። ሁለቱን ነገሮች ያደባለቀ ሰው ብዙ ነው።

ቀጥሎ ፈቃዱ ማንን ይመለከታል፣ የሚያበቃበት ቀን አለው ወይ፣ ምን ዓይነት ሥራ ይዘረዝራል የሚለውን እዩ። ማኅበራችሁ ዕርዳታ የሚልክ ከሆነ የተጠቀማችሁበትን ፈቃድ ቁጥር፣ የተቀባዩን ማንነትና ደረሰኙን አስቀምጡ፤ ኦፋክ ከማርች 2025 ጀምሮ መዝገብ ለ10 ዓመት እንዲያዝ ይጠይቃል፣ ቀድሞ 5 ነበር። ባንኩ እምቢ ካለም የፈቃዱን ጽሑፍ ይዛችሁ ቀርባችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ጠቅላላ ፈቃድ በኦፋክ ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሰነድ ነው፤ ማመልከቻም ክፍያም የለውም። ፈቃዱን አስወጣላችኋለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው አትክፈሉ።